ደም ስር ቱቦ አይደለም

ባለፈው ፋሲካ የሰፈራችን ቅርጫ ላይ ሥጋው መደብ መደብ እስኪደረግ ቆሜ እጠብቃለሁ። አራጁ ልቡን ሲያወጣ ከላዩ ላይ የተያያዘውን ወፍራም፣ ነጣ ያለ ቱቦ ቆርጦ ወደ ጎን ጣለው። ውሻ ሳይቀድመኝ አነሳሁት። «ደሞ ይሄ ምን ይሠራልሃል? ለድመትም አይሆን» አለኝ፤ ቢላዋውን ግን አዋሰኝ። ቁመቱን ተከትዬ ሰነጠቅኩት። ውጪው ሞራና ጅማት የተጣበቀበት ሸካራ ነገር ነው። ውስጡ ግን ታጥቦ ገና እንዳልደረቀ ስኒ ያብለጨልጫል። ጣቴን ብሰድበት አሙለጨለጨኝ። ከልብ የሚነሳው ትልቁ ደም ቅዳ፣ አኦርታ የሚባለው ይኸው ነው። ጣቴን ሁለት ሦስቴ ሳመላልስበት የዚህን ጽሑፍ ባለታሪክ እየገፈፍኩት ነበር፤ ለዓይን ግን ምንም የተለወጠ ነገር የለም።

ባለታሪኩ ኢንዶቴሊየም ይባላል። የደም ስርን የውስጥ ገጽ የሚያለብስ የህዋሳት ንጣፍ ነው፤ ድርቡ አንድ ህዋስ ብቻ። ህዋሶቹ እንደ ንጣፍ ድንጋይ ጎን ለጎን ተገጣጥመው ተኝተዋል። ከመሳሳታቸው የተነሳ በብዙ ቦታ ውፍረታቸው ከሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ያንሳል። ከአኦርታ ጀምሮ ቀይ የደም ህዋስ ተጣጥፎ እስከሚያልፍባቸው ፀጉር መሰል ደም ስሮች ድረስ፣ የልብን ጓዳዎች ጨምሮ፣ ደም የሚነካው ግድግዳ ሁሉ በእርሱ የተለበጠ ነው። የእነዚያ የቀጫጭኖቹማ ግድግዳ እርሱ ብቻ ነው ማለት ይቻላል። ከአንድ ሰው ገላ ተለቅሞ ቢመዘን አንድ ኪሎ ገደማ እንደሚሆን ይገመታል።

ስሙን ያወጣለት ቪልሄልም ሂስ የተባለ የስዊዘርላንድ የአናቶሚ ሊቅ ነው፤ በ1865 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ስም ከወጣለት በኋላ ግን መቶ ዓመት ያህል ዞር ብሎ ያየው አልነበረም ማለት ይቻላል። ደም ወደ ውጪ እንዳይፈስ የሚይዝ ሽፋን፣ የፌስታል ያህል ነገር ተደርጎ ነበር የሚታየው። እኛም ዛሬ ድረስ ስለ ደም ስር የምናወራው እንደ ቧንቧ ሠራተኛ ነው፤ «ቅባት ዘጋው» እንላለን፣ «ተደፈነ» እንላለን፣ የሚያጥብ ነገር እንፈልጋለን። የፍሳሽ ቱቦ ግድግዳ ሲደፈን ዝም ብሎ ያያል። የደም ስር ግድግዳ ግን ይሰማል፣ ያዛል። አብዛኛው የደም ስር በሽታ የሚጀምረውም የሚያዝዘው ክፍል ሥራውን ሲያቆም ነው።

ግድግዳው እንደሚያዝዝ የታወቀው በስህተት ነው። በኒውዮርክ ብሩክሊን ሮበርት ፈርችጎት የተባለ የመድኃኒት ተመራማሪ ለአሥርት ዓመታት ከጥንቸል አኦርታ የተቆረጡ ቅንጣቢዎችን በፈሳሽ ውስጥ እያንጠለጠለ፣ መድኃኒት ሲጨመርበት ጡንቻው ሲኮማተርና ሲላላ ይለካ ነበር። አንድ ነገር ግን አልገጥም ብሎታል። አሴቲልኮሊን የሚባለው ንጥረ ነገር በሕይወት ባለ እንስሳ ላይ ሲሰጥ ደም ስርን ያሰፋል፤ በእርሱ ቤተ ሙከራ ግን ያኮማትራል። በ1978 አንድ ቀን ረዳቱ የሥራውን ቅደም ተከተል ሳተ። ያን ቀን የአሴቲልኮሊን ዘመድ የሆነው መድኃኒት ሲጨመር ቅንጣቢው በመኮማተር ፈንታ ላላ።

ሌላው ቢሆን ረዳቱን ተቆጥቶ ሙከራውን ያስደግመው ነበር። ፈርችጎት ግን ምክንያቱን ይፈልግ ጀመር። ሲደርስበት ነገሩ ከመድኃኒቱ ሳይሆን ከእጅ ነበር። አኦርታውን ቆርጠው ሲያዘጋጁ የውስጡ ገጽ ሳያስቡት ከጣት ወይም ከሌላ ነገር ጋር ይፋተጋል፤ ሲፋተግ ያቺ አንድ ድርብ ትገፈፋለች። እኔ ቅርጫው ላይ ያደረግኩት ማለት ነው። ሳይፋተግ በጥንቃቄ የተቆረጠው ይላላል፤ የተገፈፈው ይኮማተራል። ቀጥሎ ያደረገው ሙከራ ደግሞ ከሁሉም ደስ የሚለኝ ነው። የተገፈፈውን ቅንጣቢ ካልተገፈፈው ጋር የውስጥ ገጻቸውን ፊት ለፊት አድርጎ እንደ ሳንድዊች አጣበቃቸው። መድኃኒቱ ሲጨመር የተገፈፈውም ላላ! ስለዚህ ከኢንዶቴሊየሙ አንድ ነገር እየወጣ ወደ ጎረቤቱ ጡንቻ ይሻገራል ማለት ነው። ይህ በ1980 ታተመ። የሚሻገረው ነገር ምን እንደሆነ ለማወቅ ሌላ ሰባት ዓመት ፈጀ።

መልሱ ሲመጣ ብዙዎች ለማመን ተቸገሩ፤ ጋዝ ነው። ናይትሪክ ኦክሳይድ ይባላል፤ ከመኪና ጭስ ማውጫ የሚወጣው፣ በአየር ብክለት የምናውቀው ነው። ኢንዶቴሊየም አርጂኒን ከሚባል የፕሮቲን ፍርካሽ እየሠራ በየጊዜው ይለቀዋል። ዕድሜው የሰከንዶች ነው። በዚያች ቅጽበት ግን ከበታቹ ወዳለው ጡንቻ ዘልቆ «ላላ» ይለዋል፤ ደም ስሩም ይሰፋል። ፈርችጎት፣ ሉዊስ ኢግናሮና ፈሪድ ሙራድ በ1998 የኖቤል ሽልማት አገኙበት።

ሽልማቱ የኖቤል መሆኑ ራሱ አንድ ጨዋታ አለው። አልፍሬድ ኖቤል ሀብቱን ያካበተው ናይትሮግሊሰሪን ከሚባለው ፈንጂ ዲናሚት ሠርቶ ነው። በ1896፣ በሞተበት ዓመት፣ ለደረቱ ሕመም ሐኪሞች ያዘዙለት ያንኑ ናይትሮግሊሰሪን ነበር፤ ዕጣ ፈንታ እያሾፈበት እንደሆነ ለወዳጁ ጽፏል። ያዘዙለት ሐኪሞችም ቢሆኑ ለምን እንደሚሠራ አያውቁም ነበር። ሙራድ በ1977 እንዳሳየው መድኃኒቱ በሰውነት ውስጥ ናይትሪክ ኦክሳይድ ይለቃል፤ ኢንዶቴሊየሙ ያልሠራውን ከውጪ ይተካል ማለት ነው። የልብ ሕመምተኞች ደረታቸውን ሲወጋቸው ዛሬም ከምላስ ሥር የሚያደርጓት እንክብል እርሷ ናት።

ቪያግራም የሚገባው በዚሁ በር ነው፤ ሰው በሹክሹክታ የሚያወራው ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። ቪያግራ ናይትሪክ ኦክሳይድ አይሠራም። ጋዙ በጡንቻው ውስጥ የቀሰቀሰው መልእክት ቶሎ እንዳይጠፋ ያቆየዋል እንጂ። ከመነሻው መልእክቱን የሚልክ ከሌለ የሚያቆየው ነገር የለም፤ ስኳር ለዓመታት ደም ስሩን በጎዳው ሰው ላይ ብዙ ጊዜ እንደሚፈለገው የማይሠራው አንዱም ለዚህ ነው። ከዚህ የሚከተል ሌላ ነገር አለ። ወደ ብልት የሚሄዱት ደም ቅዳዎች ልብን ከሚመግቡት ይቀጥናሉ፤ ስለዚህ የኢንዶቴሊየም ስንፍና ቀድሞ የሚታወቀው እዚያ ነው። በአንድ ጎልማሳ ላይ ቀስ በቀስ የመጣ ስንፈተ ወሲብ የልብ ሕመም ጥቂት ዓመታት አስቀድሞ የላከው መልእክተኛ ሊሆን ይችላል። ከሱቅም ከጓደኛም ኪኒን ተቀብሎ ዝም ከማለት ደም ግፊትን፣ ስኳርንና ኮሌስትሮልን መለካት ይሻላል። ናይትሮግሊሰሪን ወይም የእርሱ ዓይነት የልብ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደግሞ ቪያግራን ከቶ መንካት የለበትም። ሁለቱ ሲገናኙ ግፊቱ እስከ ሞት ሊወርድ ይችላል።

ማስፋት የኢንዶቴሊየም አንድ ሥራው ነው። ሌላው ሥራው ደም ሳይረጋ እንዲፈስ ማድረግ ነው። ደም ከሰውነት ወጥቶ ብርጭቆ ውስጥ ቢቀመጥ በደቂቃዎች ይረጋል፤ በደም ስር ውስጥ ግን ሰባ ሰማንያ ዓመት ሳይረጋ ይዞራል። ልዩነቱ ግድግዳው ነው። ኢንዶቴሊየም ደም አርጊዎቹን ፕሌትሌቶች አርፈው እንዲቀመጡ የሚያደርግ ፕሮስታሳይክሊን የሚባል ነገር ያመነጫል። ፕሌትሌቶቹ በበኩላቸው የሚያጣብቃቸውን ይሠራሉ። አስፒሪን ሁለቱንም ያቆማል፤ ታዲያ ለምን ለልብ ሕመምተኛ ይጠቅማል? ፕሌትሌት ኒውክሊየስ የለውም፤ የተበላሸበትን መሣሪያ መልሶ መሥራት ስለማይችል እስኪሞት፣ ማለትም ሳምንት አሥር ቀን፣ ሽባ ሆኖ ይኖራል። የኢንዶቴሊየም ህዋስ ግን ኒውክሊየስ አለው፤ በሰዓታት ውስጥ አዲስ ሠርቶ ይነሳል። ትንሿ አስፒሪን በየቀኑ የምታደርገው አንዱን አስሮ ሌላውን መልቀቅ ነው። (ይህን አንብቦ ራሱን ለመጠበቅ አስፒሪን የሚጀምር እንዳይኖር። የልብ ሕመም ወይም ስትሮክ ያልነበረበት ሰው ሐኪም ሳያዘው ከወሰደው የጨጓራ መድማት ሊያተርፍ ይችላል።)

ደም ስር የሚበላሸው በሁሉም ቦታ እኩል አይደለም፤ በሽታው ቦታ ይመርጣል። ይህም ኢንዶቴሊየም የሚሰማ ነገር እንደሆነ ያሳያል። ቀጥ ብሎ በሚሄድ ደም ስር ውስጥ ህዋሶቹ ደሙ ወደሚፈስበት አቅጣጫ ተስበው ይተኛሉ፣ ነፋስ እንዳስተኛው የጤፍ ማሳ። የፍሰቱ ማሻሸት ያነቃቸዋል፤ ናይትሪክ ኦክሳይዱንም ደህና አድርገው ይለቃሉ። ደም ስሩ ሁለት ቦታ የሚሰነጠቅበት መንታ ላይ፣ ለምሳሌ አንገት ላይ ወደ አንጎል የሚሄደው ደም ቅዳ በሚከፈልበት፣ ፍሰቱ ይሽከረከራል፤ ወደ ኋላም ይመለሳል። እዚያ ያሉት ህዋሶች የሚሄዱበት የጠፋቸው ይመስል ቅርጻቸው የተዘበራረቀ ነው፤ ጋዙንም ብዙ አይለቁም። የቅባት ክምር የሚወደው እነዚህን ቦታዎች ነው።

«ቅባት ዘጋው» የሚለው አባባል የሚስተውም እዚህ ላይ ነው። ቅባቱ እንደ ቧንቧ ዝቃጭ ከላይ አይለጠፍም። መጥፎው ኮሌስትሮል የሚባለው በሰነፈው ኢንዶቴሊየም በኩል ሾልኮ ከሥሩ ገብቶ ይቀመጣል፤ እዚያም ይበላሻል። ህዋሶቹ ይህን እንደ ወረራ ቆጥረው በገጻቸው ላይ የሚያጣብቁ መንጠቆዎችን ያወጣሉ። በደም ውስጥ የሚያልፉት ነጭ የደም ህዋሶች መንጠቆው ይዟቸው ወደ ግድግዳው ይገባሉ፤ የተበላሸውን ቅባት ይበላሉ፣ ይበላሉ፣ እስኪያብጡ ይበላሉ፤ በማይክሮስኮፕ ሲታዩ አረፋ ይመስላሉ። እዚያው ይሞታሉ። ስለዚህ ነገሩ ከዝቃጭ ይልቅ ከቆዳ ሥር ለተቀመጠ ብጉንጅ ይቀርባል። ብጉንጁ ሲፈነዳ ደም ይነካዋል፤ ደም ሲነካው ይረጋል፤ የረጋው ደም የልብን ደም ቅዳ በደቂቃዎች ይዘጋዋል። ብዙ ድንገተኛ የልብ ሕመም የሚነሳው ቀድሞ ደም ስሩን ብዙም ካላጠበበ ክምር ነው። ትናንት ደረጃ ሲወጣ ምንም ያልተሰማው ሰው ዛሬ የሚወድቀው በዚህ ነው።

ኢንዶቴሊየሙን የሚያሰንፉት የታወቁት ናቸው፤ ሲጋራ፣ ከፍተኛ ደም ግፊት፣ ስኳር፣ የደቀቀ የጭስ ብናኝ። ብናኙ ከአሮጌ መኪና ብቻ አይደለም የሚመጣው፤ መውጫ በሌለው ኩሽና ውስጥ እንጨት አንድዳ እንጀራ የምትጋግር እናትም በየቀኑ ትተነፍሰዋለች። ስለ ስኳር አንድ ነገር ልጨምር። ሌሎች ብዙ ህዋሶች ደም ውስጥ ስኳር ሲበዛ በራቸውን ገርበብ ያደርጋሉ። የኢንዶቴሊየም ህዋስ ይህን ማድረግ አይችልም፤ በደሙ ውስጥ ሲበዛ በውስጡም ይበዛል። የስኳር ሕመም ዓይንንና ኩላሊትን ቀድሞ የሚጎዳበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ ሁለቱም እጅግ ቀጭን ደም ስሮች የታጨቁባቸው ናቸው።

እስካሁን ያወራሁት ዓመታት ስለሚፈጅ ጉዳት ነው። በቀናት የሚያንኮታኩተውም አለ፤ ለአገራችን የሚቀርበው ወባ ነው። ፋልሲፓረም የሚባለው የወባ ዓይነት የገባበት ቀይ የደም ህዋስ በጣፊያ በኩል ካለፈ ተይዞ ይጠፋል። ጥገኛው ይህን ለማምለጥ በህዋሱ ላይ እጀታ መሳይ እብጠቶችን ያበቅላል፤ በእነርሱም ኢንዶቴሊየሙን ጨብጦ ይንጠለጠላል። በቀጫጭን ደም ስሮች ውስጥ እንዲህ የተንጠለጠሉ ህዋሶች ሲደራረቡ መንገዱ ይዘጋል፣ ግድግዳውም ይቆስላል። ይህ በአንጎል ውስጥ ሲሆን የአንጎል ወባ ይባላል፤ የሚያስደነግጠውም የሕፃኑ ትኩሳት ብቻ ሳይሆን ራሱን መሳቱ ነው። ከሚጨብጣቸው ነገሮች አንዱ ደምን እንዳይረጋ የሚጠብቀው የኢንዶቴሊየሙ የራሱ መሣሪያ መሆኑ በ2013 ታውቋል። ሌባው ሲንጠለጠል የያዘው የጠባቂውን እጅ ነው።

ሁለተኛው የነፍሰ ጡር ነው፤ ፕሪኤክላምፕሲያ፣ ከእርግዝና ጋር የሚመጣው ከፍተኛ ደም ግፊት። የእንግዴ ልጁ ደም በደንብ ካልደረሰው ወደ እናቲቱ ደም አንድ ፕሮቲን አብዝቶ ይለቃል። ፕሮቲኑ የእናቲቱ ኢንዶቴሊየም በጤና የሚኖርበትን ማነቃቂያ በየመንገዱ እየጠለፈ ይይዝባታል። ይህ በ2003 ግልጽ ሆነ። ከዚህ በኋላ ምልክቶቹ ሁሉ ከአንድ ምንጭ የሚቀዱ ናቸው። ደም ስሮቿ ስለማይላሉ ግፊቷ ይጨምራል። የኩላሊቷ ማጣሪያ ስለሚያሾልክ ሽንቷ ውስጥ ፕሮቲን ይገኛል። ውሃ ወደ ሥጋዋ ስለሚሰርግ ፊቷና እጇ ያብጣል። የማይለቅ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ ከጎድን አጥንት ሥር የሚያስጨንቅ ሕመም ያላት ነፍሰ ጡር «ድካም ነው፣ ያልፋል» ተብላ የምትታለፍ አይደለችም፤ በዚያው ቀን ግፊቷ መለካት አለበት።

እዚህ ላይ እትብትን ሳላነሳ ባልፍ ቅር ይለኛል። እኛ እትብት እንቀብራለን፤ የተቀበረበትም ቦታ አገራችን ነው። በ1973 አሜሪካ ውስጥ ተመራማሪዎች የሚጣለውን እትብት ወስደው፣ በውስጡ ካለው ደም ስር ኢንዶቴሊየሙን አላቅቀው በብርጭቆ ሳህን ላይ ማሳደግ ቻሉ። ከላይ ከነገርኳችሁ ብዙው የታወቀው ከዚያ ወዲህ ነው። ዛሬም በዓለም ዙሪያ በቤተ ሙከራ የሚያድገው የኢንዶቴሊየም ህዋስ በብዛት የእትብት ነው።

ኢንዶቴሊየም ከማላላት ሌላ ማኮማተርም ያውቅበታል። በ1988 ጃፓኖች ከአሳማ አኦርታ ህዋሶች ያገኙት ኢንዶቴሊን እጅግ ብርቱ ከሚባሉት የደም ስር አኮማታሪዎች አንዱ ነው። ይህ ነገር ሳይታሰብ ወደ እኛ ተራራ መጣ። በሰሜን ተራሮች፣ አምባራስ አካባቢ፣ 3530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ሰዎች ደም ተመርምሮ ውጤቱ በ2002 ሲታተም አጥኚዎቹን ያስገረመው የሂሞግሎቢናቸው መጠን ነው። ከፍታ ላይ የሚኖር የአንዲስ ሰው ደሙ ይወፍራል፤ የሰሜኖቹ ግን በባሕር ጠለል እንደሚኖር ሰው ነበር፤ ኦክስጅኑም አልጎደለም። በኋላ የኢትዮጵያ ደጋማ ነዋሪዎች ዘረመል ሲነበብ የተፈጥሮ ምርጫ አሻራ ካረፈባቸው ቦታዎች አንዱ የኢንዶቴሊን ተቀባይን የሚሠራው ዘረመል ሆኖ ተገኘ። ይህ ዘረመል በግማሽ የተቀነሰባቸው አይጦች ኦክስጅን ሲያጥራቸው ልባቸው ከሌሎቹ የበለጠ ታገሰ፤ ይህ የታተመው በ2015 ነው።

ኢንዶቴሊየም ደህና መሆኑን መለካት ይቻላል? በምርምር ቤት አዎ። እንደ ደም ግፊት መለኪያው ያለ ማሰሪያ በክንድ ላይ ጥብቅ ተደርጎ አምስት ደቂቃ ይቆያል፤ ከዚያ ሲለቀቅ ደም ይንደረደራል። ጤነኛ ኢንዶቴሊየም የደሙን መንደርደር ይሰማና ጋዙን ይለቃል፤ ደም ቅዳው ሲሰፋ በአልትራሳውንድ ይታያል። የሰነፈው አይንቀሳቀስም። ዘዴው በ1992 ሲወጣ ምንም ምልክት የሌላቸው አጫሾች ደም ስር እንኳ እንደ እኩዮቻቸው አልሰፋም ነበር። ፈጣን እርምጃም የሚጠቅመው በዚሁ መንገድ ነው። ማሰሪያው በአንድ ክንድ ላይ ያደረገውን እርምጃ በገላ ሁሉ ያደርገዋል፤ ደሙ ይሮጣል፣ ህዋሶቹን ያሻቸዋል፣ ህዋሶቹም ይሠራሉ።

ከምግብ በኩል ደግሞ አንድ አቋራጭ አለ፤ ቀይ ስር፣ ቆስጣ፣ ሰላጣ፣ ጎመን። እነዚህ ናይትሬት አላቸው። የበላነው ናይትሬት ከደም ወደ ምራቅ ይመለሳል፤ በምላስ ጀርባ ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ይለውጡታል፤ ተውጦ ሲገባ ከፊሉ ናይትሪክ ኦክሳይድ ይሆናል። የሰው ህዋስ ያን የመጀመሪያ ሥራ በደንብ ስለማይችለው ለባክቴሪያ አከራይቶታል ብንል ያስኬዳል። በ2013 የታተመ አንድ ትንሽ ጥናት ላይ ጤነኛ ሰዎች ባክቴሪያ በሚገድል የአፍ መጉመጥመጫ ለሳምንት ሲጉመጠመጡ ደም ግፊታቸው በሁለት ሦስት ነጥብ ከፍ ብሏል። ናይትሬት ደግሞ በውሃ ይሟሟል። ጎመኑን ቀቅላ፣ ጨምቃ፣ አረንጓዴውን ውሃ የምትደፋው እህቴ ይህን ስነግራት «ታዲያ ወጡ ቀጥኖ ይቅረብልህ?» አለችኝ። አሁን የምትቀቅለው በትንሽ ውሃ ነው፤ ውሃው እዚያው ይመጠጣል።